መኪናችሁን መንጃ ሜዳ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ፍሬኑን አዘጋጁ

አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የሰሚት ፖይንት ዋና የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ አንድ ዙሩ 2 ማይል ነው፤ 10 መታጠፊያ አለው። በረጅሙ ቀጥታ ተምዘግዝጎ የመጣ መኪና አንደኛው መታጠፊያ ላይ በኃይል ፍሬን ይያዝበታል፤ በየዙሩ እንዲሁ። ለሞተር ማጎልበቻ ከምታወጡት ብር መጀመሪያ ለፍሬን ዘይት አውጡ።

ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን ይህ ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፤ አየሩንም ከአራቱም ጎማ በኩል አስወጡ። ሜዳ ላይ ፔዳሉ መለስለስ ከጀመረ "አንድ ዙር ልጨምር" አይባልም፤ ፍጥነት ቀንሳችሁ ውጡ።

የጎማ ነፋስ ሲሞቅ ይጨምራል፤ እንደወጣችሁ በትኩሱ ለክታችሁ ትርፉን አስተንፍሱ። የጎማ ዳዶዎችን ግን ሲበርዱ ነው በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) የምትፈትሹት።

የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ብዙ ሳትነኩ በዝግታ ንዱ። ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ የጋለ የፍሬን ሸራ ዲስኩ ላይ ተጣብቆ ቅሪት ይተዋል፣ በኋላ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ማርሽ አስገቡና ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ።