ዴሩታ ላይ ሳህን መገልበጥ ተማርኩ

ከ3 ዓመት በፊት ሮም እህቴ ጋ ሄጄ፣ አንድ የቱሪስት ሱቅ ውስጥ ሎሚ የተሳለበት ሳህን ለእናቴ ገዛሁ። ሻጩ «በእጅ የተሳለ ነው» አለኝ። አመንኩት። አዲስ አበባ ገብቼ ገና ሲታጠብ የአንዱ ሎሚ ጠርዝ ተላጠ። ለካ ስዕሉ የተለጠፈ ስቲከር ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ለእናቴ የሰጠሁት መሆኑ ከነከነኝ።

ዘንድሮ ስመለስ እህቴን «ሸክላው እሚሠራበት ድረስ ውሰጂኝ» አልኳት። ዴሩታ ወሰደችኝ።

ዴሩታ ኡምብሪያ በሚባለው የጣልያን ክልል ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከሮም በባቡር ፔሩጃ ገባን፤ ከዚያ ወደ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ። አሮጌው ከተማ ኮረብታ ላይ ነው፣ ከሥሩ የቲቤር ወንዝ ሸለቆ ተዘርግቷል። መንገዱ ግራና ቀኝ የሸክላ ሱቅ ነው። ገና ከመውረዴ ቦርሳዬን ልከፍት ነበር። እህቴ ከለከለችኝ። «መጀመሪያ ዓይንሽ ይልመድ» ብላ ሙዚየም አስገባችኝ።

ልክ ነበረች። ሙዚየሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1898 ሲሆን፣ አሁን ያለው በቀድሞ የፍራንቸስካውያን ገዳም ውስጥ ነው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ ሳህኖች አሉ፤ ዞር ሲሉ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃሉ። ወርቅ ግን የለባቸውም። ብርና መዳብ ያለበት ቀለም ተቀብተው፣ ጭስ በበዛበት እቶን ለሦስተኛ ጊዜ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የሱቁን ሳህን የማየው በሌላ ዓይን ሆነ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ትንሽ የሸክላ መሥሪያ ገባን። አንዲት ትልቅ ሴት መስኮት ሥር ተቀምጠው ይስላሉ። እህቴ «ሲኞራ፣ ብናይ ይፈቅዱልናል?» ስትላቸው ወንበር ሳቡልን።

ሥራው እንዲህ ነው። ሸክላው መጀመሪያ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይተኮሳል። ቀይ ሆኖ ሲወጣ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ያለበት ነጭ ልባስ ውስጥ ይነከራል። ልባሱ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይሆናል፤ ስዕሉ የሚሳለው እዚያ ላይ ነው። ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ወይን ጠጁ ከማንጋኒዝ ይመጣል። ዱቄቱ ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋል፣ ስለዚህ የተሳሳተ መስመር አይደመሰስም። ከዚያ ሁለተኛው እሳት ልባሱን አቅልጦ ስዕሉን ከሳህኑ ጋር አንድ ያደርገዋል። ማዮሊካ የሚባለው ይህ ነው።

ሴትዮዋ በመርፌ የተበሳሳ ወረቀት አሳዩን። ሳህኑ ላይ አድርገው የከሰል ብናኝ መታ መታ ሲያደርጉበት የስዕሉ ንድፍ በነጠብጣብ ይወጣል። ሁለት ሳህን በአንድ ንድፍ ይሠራሉ እንጂ ብሩሹ አንድ አይሆንም። «ሁለት አንድ ዓይነት ሳህን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ቅጠሉ ሁሉ ቁርጥ አንድ ከሆነ እጅ አልነካውም» አሉኝ። ቀጥለው ሳህኑን ገለበጡት። «ፊቱን ማንም ያሳምራል፣ ጀርባውን እዪ።» ጀርባው ላይ «በእጅ የተሳለ»፣ «ዴሩታ» የሚሉ የጣልያንኛ ቃላትና የራሳቸው ስም በብሩሽ ተጽፏል።

ያ ስም አገሬን አስታወሰኝ። እናቴ ጀበና ሥር የማን ስም አለ? ቡናውን እየጠጣን ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናት» ብለን ስንሸሻት ኖርን። ዴሩታ ላይ የሸክላ ሠሪ ስም ሳህኑ ጀርባ ላይ በኩራት ይጻፋል። እውነቴን ነው፣ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አፈርኩ።

ሌላም ተማርኩ። ሳህኑን በጣት ኳ ማድረግ ነው፤ የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል። ሊበሉበት ከሆነ የብርጭቆና የሹካ ምልክት ይፈለጋል፤ አሮጌ ሸክላ ልባሱ ውስጥ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ለግድግዳ ይሁን። ከሳህኑ ሥር ባለው ቀለበት ላይ ሁለት ቀዳዳ ካለ ለሽቦ ነው፣ ለመስቀያ። ገንዘብ ላጠረው ደግሞ «ሴኮንዳ ሼልታ» የሚሉት አለ፤ ትንሽ እንከን ያለበት፣ ዋጋው የቀነሰ። ከተለጠፈ ስቲከር ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ሙሉ ስብስብ በአንድ ቀን መግዛትም አልወድም። አንድ ሳህን ከዴሩታ፣ ሌላ ጊዜ ከሌሎቹ የጣልያን የሸክላ ከተሞች፣ አንድ ከፋኤንሳ፣ አንድ ከቪየትሪ፤ እንዲህ ቤት ሲሞላ ይጣፍጣል።

እዚህ በጣም የታወቀው ጌጥ ራፋኤሌስኮ ይባላል፣ ዘንዶ አለበት። እኛ ዘንዶን የምናውቀው በጊዮርጊስ ፈረስ ሥር ነው። እዚህ ግን ለነጋዴ መልካም ንፋስ የሚነፋ ገደኛ ነው ይላሉ። እናቴ እንደማትቀበለው ስለማውቅ ተውኩት። ሰማያዊና ቢጫ አበባ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ወሰድኩ።

ስንመለስ እህቴ ከዴሩታ በታች ወዳለችው ማዶና ዴይ ባኚ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። እ.ኤ.አ. በ1657 አንድ ነጋዴ የማርያም ስዕል ያለበትን የስኒ ስባሪ የኦክ ዛፍ ላይ አድርጎ፣ ለታመመች ሚስቱ ጸለየ። ቤቱ ሲመለስ ድና አገኛት ይባላል። ግድግዳው ከ600 በላይ በሆኑ የሸክላ ንጣፎች ተሸፍኗል፣ ሁሉም ስለት ናቸው። ከዛፍ የወደቀ፣ ጋሪ የተገለበጠበት፣ አልጋ ላይ የተኛች በሽተኛ። ስለት ለእኔ ጃንጥላና ሻማ ነበር። ማንም ሳይተረጉምልኝ ግን እያንዳንዱን አነበብኩት። እህቴ አልጋዋ ላይ ያለችው ሴት ፊት ቆማ ብዙ ቆየች።

ሳህኑን በነጠላ ጠቅልዬ በእጅ ሻንጣዬ ይዤ ገባሁ። እናቴ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው አሰበች። ለመንኳት። አሁን ለቡና ቆሎ ታቀርብበታለች።