እልህና ሁለት ካርታ

ሰሞኑን ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ፖከር እየተጫወትን ነው፤ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን። ገንዘብ አናስይዝም፣ ቺፕስ (በገንዘብ ፈንታ የሚቆጠሩ ክብ ፕላስቲኮች) ብቻ ነው።

ሕጉ ቶሎ ይገባል። ካርታው ተበውዞ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይታደላል፤ ያንን ባለቤቱ ብቻ ያየዋል። ከዚያ የሁሉም የሆኑ 5 ካርታዎች መሃል ላይ ይገለጣሉ። መጀመሪያ ሦስቱ በአንዴ ይወጣሉ፤ ፍሎፕ ይባላል። ቀጥሎ ተርን፣ በመጨረሻ ሪቨር፣ አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ። ከፍሎፕ በፊትም፣ ከእያንዳንዱ መገለጥ በኋላም ውርርድ አለ። እስከ መጨረሻ ከቆዩት ውስጥ ከሰባቱ ካርታ ምርጥ አምስት የወጣለት ይበላል።

ፍለሽ፣ ማለትም አንድ ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች፣ ተከታታይ ቁጥር ከሆነው ከስትሬት ለምን እንደሚበልጥ ስናወራ ነበር። ነገሩ ስሌት ነው። ከ52 ካርታ አምስት ሲወጣ ስትሬት በ10,200 መንገድ ይገኛል፤ ፍለሽ በ5,108 ብቻ። ደረጃው ሁሉ የተሠራው በዚህ ነው፤ ብርቁ ይበልጣል።

ለእኔ ከባዱ ካርታ መጣል፣ ማለትም ሁለቱንም ትቶ ከዙሩ መውጣት ነው። ኮንከር ስንጫወት ያደግን ሰዎች የታደለንን ይዘን መጨረስ ለምደናል። ፖከር ግን አብዛኛውን እጅ ገና ከመጀመሪያው ጣል ይላል። ሁለት አስ የሚመጣው በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው።

ተርን ወጥቷል እንበል። በእጄ ያሉትና መሃል ያሉት ተደምረው አራት ልብ አለኝ፣ አምስተኛው ከመጣ ፍለሽ ነኝ። ያላየኋቸው ካርታዎች 46 ናቸው፤ የሚጠቅሙኝ 9። ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም። መሃል 100 ቺፕስ አለ፣ ባላንጣዬ 50 ጨመረ። 50 ከፍዬ 200 የሚሆነውን ለመብላት ከአራት አንድ ዕድል ያስፈልገኛል። የለኝም፤ ስለዚህ እጥላለሁ። እልህ ግን «እስቲ አንዷን ልያት» ይላል። ጀማሪን የሚያከስረው ይሄ እልህ ነው፤ ገንዘብ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው በቺፕስ እንቀጥል ብዬ አጥብቄ የምከራከረው።

ተራም ትልቅ ነገር ነው። መጨረሻ የሚወስን ሰው የሌሎቹን አይቶ ይወስናል። ቀድሜ ስናገር የምጥለውን ካርታ፣ መጨረሻ ስሆን አንዳንዴ እጫወትበታለሁ።

በትክክል ተጫውቶ መበላትም አለ። ሁለት አስ ሁለት ኪንግን ገጥሞ ከአምስት አንዴ ገደማ ይሸነፋል። ስለዚህ ከጨዋታ በኋላ ማን በላ የሚለውን ትተን፣ «ተርን ላይ ምን አስበህ ገባህ?» እየተባባልን እናመሻለን።