ነጭን ከነጭ መለየት፦ የሪዞርት ስብስቦችን ከአዲስ አበባ ሆኜ እንዴት እንደገመገምኩ

የሪዞርት ስብስብ የሚባለው በፋሽን ዓለም ከአየሩ ጋር የማይስማማ ወቅት ነው። ትልልቆቹ የፋሽን ቤቶች በአብዛኛው ግንቦትና ሰኔ ላይ ያሳዩታል፤ ሱቅ የሚገባው ግን ከኅዳር ጀምሮ፣ አውሮፓና አሜሪካ ካፖርት ሲደርቡ ነው። አመጣጡም ከዚያው ነው። ብርዱን ሸሽተው በመርከብ ወደ ሞቃት ባሕር ዳርቻ ይጓዙ ለነበሩ ባለጸጎች ቀለል ያለ ልብስ ይዘጋጅላቸው ነበር። ዛሬ መርከቡ ቀርቷል፣ ልብሱ ግን በርክቷል። ከሌሎቹ ስብስቦች ቀድሞ ሱቅ ስለሚገባና በሙሉ ዋጋው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚሸጥ ነጋዴው አጥብቆ ይወደዋል።

ለአንድ መጽሔት የእ.ኤ.አ. 2026ን የሪዞርት ስብስቦች እንድገመግም ስጠየቅ በእጄ የነበሩት ቤቶቹ የለቀቋቸው ቪዲዮዎች፣ ፎቶግራፎችና አጫጭር መግለጫዎች ብቻ ነበሩ። የግብዣ ካርድ የሚልክልኝ የለም። ይህ ብዙም አላስጨነቀኝም፤ ከሪዞርት ስብስቦች አብዛኞቹ መድረክ ላይ አይወጡም፣ ለገዢዎችና ለጋዜጠኞች በፎቶግራፍ ብቻ ይላካሉ። ፓሪስ የተቀመጠው ሐያሲም ቢሆን ብዙዎቹን የሚያያቸው እንደ እኔው በስክሪን ነው።

የዚያ ዓመት ነገር ደግሞ ለየት ያለ ነበር። ሻኔል ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በኮሞ ሐይቅ ዳር ቪላ ዴስቴ፣ ጉቺ ግንቦት 7 ቀን በፍሎረንስ፣ ሉዊ ቪቶን ግንቦት 14 ቀን በፈረንሳይ አቪኞ በሚገኘው የጳጳሳት ቤተ መንግሥት፣ ዲዮር ግንቦት 19 ቀን በሮም ቪላ አልባኒ፣ ማክስ ማራ ሰኔ 10 ቀን ኔፕልስ አጠገብ ባለው የካዘርታ ቤተ መንግሥት አሳዩ። ከአምስቱ አራቱ ጣሊያን ላይ! ቦታውን ሲያዩ የሚገርም ነው፤ ችግሩም ያ ነው። ሐይቅ፣ የአትክልት ስፍራ፣ የአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ግንብ፣ ሙዚቃ፣ የምሽት መብራት። ይህ ሁሉ ተደምሮ ተመልካቹ ስለ ልብሱ ከማሰቡ በፊት ፍርዱን ያሰጠዋል። የብዙ ግምገማ ግማሹ የጉዞ ማስታወሻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቪዲዮውን ትቼ ከፎቶግራፎቹ ጀመርኩ። የእያንዳንዱን ቤት ምስሎች በኮምፒውተር ላይ እየቆረጥኩ፣ ዳራውን አጥፍቼ፣ ልብሶቹን ብቻ በግራጫ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ግንቡ ሲነሳ ልብሱ ራሱን ችሎ መቆሙ ወይም መውደቁ ወዲያው ይታያል። የኒኮላ ጌስኪየር የሉዊ ቪቶን ስብስብ የመካከለኛው ዘመን ተዋጊን የሚያስታውስ ነገር ነበረበት፤ ከአቪኞ ግንብ ተነጥሎም አልፈዘዘም። ከሌሎቹ ቤቶች አንዳንድ ቀሚሶች ግን ከጀርባቸው ሐይቁ ሲጠፋ የማንም ቀሚስ ሆኑ።

ሁለተኛው ጥያቄ ማንን ላመስግን፣ ማንን ልውቀስ የሚለው ነበር። ሻኔልና ጉቺ በዚያን ጊዜ በሽግግር ላይ ነበሩ። የሻኔሉ አዲስ ዲዛይነር ማትዩ ብላዚ የመጀመሪያ ሥራውን ገና አላሳየም ነበር፤ ከጉቺ ዲዛይነሩ ሳባቶ ዴ ሳርኖ ከወራት በፊት ሄዷል፣ ተተኪው ዴምና ገና አልጀመረም ነበር። ሁለቱንም ስብስቦች ያዘጋጁት በየቤቱ ስቱዲዮ ያሉ ስማቸው የማይጠራ ሠራተኞች ናቸው። ብዙ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን “የሽግግር ስብስብ” ብሎ በሁለት መስመር ያልፈዋል። እኔ በተቃራኒው ብዙ ቦታ ሰጠሁት። ባለ ስም ዲዛይነር በሌለበት ጊዜ የሚታየው የቤቱ እጅ ነውና። የሻኔል ጃኬት ጠርዙ ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ይሰፋበታል፤ ጨርቁ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ነው። አለቃ ኖረም አልኖረም ያንን ሰንሰለት የሚሰፋው ሰው ሥራውን አላቋረጠም። በቪዲዮው ሞዴሏ ስትዞር የጃኬቱ ጫፍ ሳይገለበጥ አብሯት ሲዞር ማየት ስለ ቤቱ ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ይናገራል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ዲዮር ነው። የቤቱ ዲዛይነር የነበረችው ማሪያ ግራዚያ ኪውሪ የሮም ልጅ ናት፤ ትርኢቱ በቀረበ በሁለተኛው ቀን ቤቱን መልቀቋ ተነገረ። ሴት እንግዶች ነጭ፣ ወንዶች ጥቁር ለብሰው እንዲመጡ ተጠይቀው ነበር፤ በመድረኩም ላይ ነጭ በነጭ ላይ ተከታትሎ አለፈ። ፎቶግራፍ ደግሞ ነጭን ይገድላል። ዳንቴሉም፣ ስሱ ጨርቁም፣ ወፍራሙም አንድ ይሆናሉ። የውጭ ጸሐፊዎች መንፈስና ሐውልት እያነሱ ሲያልፉት እኔ እዚህ ላይ ቆምኩ፤ ነጭን ከነጭ መለየት በእኛ አገር የእናቶች የዕለት ሥራ ነው። ፈትል፣ መነን፣ ሳባ ሁሉም ነጭ ናቸው፤ በሩቅ ያያቸው ሰው ግን አይሳሳትም።

ምስሎቹን በታብሌት ይዤ ሽሮ ሜዳ ወደማውቃቸው አንድ አዛውንት ሸማኔ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ “ልጄ፣ ፊቷን ተይውና ጉልበቷ ጋ አሳዪኝ” አሉኝ። አጎላሁላቸው። እርምጃዋን ስትዘረጋ ጨርቁ ጉልበቷ ላይ የሚሠራውን እጥፋት በጣታቸው ተከተሉ። እጥፋቱ ስል ከሆነ ክሩ ጠንካራና ጥብቅ ነው፤ ክብ ሆኖ ከተኛ ድሩ ሳስቷል፣ ማጉም ለስላሳ ነው፤ እጥፋት ሳይሠራ ከተወጠረ ደግሞ “ስትቀመጥ ታዝናለች” አሉ። አንዱን ባለ መስመር ልብስ (የዲዮር አልነበረም) ገና ሲያዩት ገፉት። መስመሩ ስፌቱ ጋ ሲደርስ ከክሩ አቅጣጫ ወጥቷል፤ የተሸመነ ሳይሆን የታተመ ነው ማለት ነው። መግለጫው ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ ሳይ የመጀመሪያ ትኩረቴ ጉልበትና የጎን ስፌት ሆኗል።

ከዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ ጨርቁን የሠራው ማን ነው የሚለው ነው። ለዚህ ሁልጊዜ የማነጻጽራቸው ሁለት የሪዞርት ስብስቦች አሉ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2019 የታዩ ናቸው። ዲዮር በማራካሽ ኤል ባዲ ቤተ መንግሥት ሲያሳይ ባለ ቀለሙን የሰም ሕትመት ጨርቅ አቢጃን ከሚገኘው ዩኒዋክስ ፋብሪካ ጋር ሠራ፣ ስሙንም ጠራ፤ የአይቮሪ ኮስቱ ዲዛይነር ፓቴዖም ኔልሰን ማንዴላን የሚያስታውስ ሸሚዝ እንዲሠራ ተጋበዘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የካሮሊና ሄሬራ የሪዞርት ስብስብ ወጣ። የሜክሲኮ የባህል ሚኒስትር አሌሃንድራ ፍራውስቶ፣ የቴናንጎ ዴ ዶሪያ ማኅበረሰብ ጥልፍና የሳልቲዮ ባለ መስመር ሸማ ያለ ባለቤቶቹ ተሳትፎ ለምን እንደተወሰዱ በደብዳቤ ጠየቁ። ቤቱ ለሜክሲኮ ባህል ክብር የተሠራ ነው ብሎ መለሰ። ክብር ግን ስም ከመጥራት ይጀምራል ባይ ነኝ። የማራካሹም ቢሆን ከነቀፋ አላመለጠም፣ ሊያመልጥም አይገባም፤ ቢያንስ ግን ጨርቁ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያገኛል።

ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችውን ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ከእነዚህ ጎን ማስቀመጥ ለእኔ ቀላል አልነበረም። የአገር ልጅ ሥራ ሲሆን ብዕር ይለዝባል። በእጅ የተሸመኑት ባለ መስመር የጥጥ ቀሚሶቹ ለባሕር ዳርቻ የታሰቡ ናቸው፣ የሸማኔው ሥራም ግልጽ ነው። በየወቅቱ አዲስ ቅርጽ የሚፈልግ ሰው ግን ሊሰለቸው ይችላል፤ ይህንንም ጻፍኩት። እኔ በግሌ የጨርቁን ሥራ ከቅርጹ አስበልጣለሁ፤ ይህንንም አልደበቅኩም፤ አንባቢ የገምጋሚውን አድልዎ አውቆ ቢያነብ ይሻለዋል።

ዋጋን በተመለከተ ብዙ አልለፋሁም። የእነዚህ ቤቶች ቀሚስ እዚህ አይሸጥም፣ ቢሸጥም የሚገዛው በጣት የሚቆጠር ነው። አንባቢዎቼ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፤ ፎቶግራፉን ይዘው ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳሉ። ኅዳር ላይ ሱቅ የሚገባው ቀለል ያለ ልብስ ከጥር ሰርግ ጋር በደንብ ይገጥማል፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ማታው ብርድ ነው፤ የሪዞርት ስብስብ የሚታሰበውም ለዚህ ዓይነት አየር ነው። (ከሜክሲኮው ክስ አጠገብ ይህን መጻፌ እንደሚያስቅ ይገባኛል። ሆኖም አንዲት ሚዜ ለራሷ የምታሰፋው ቀሚስና አንድ ትልቅ ቤት በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው ቀሚስ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።) ስለዚህ ትከሻው በምን እንደተያዘ፣ ገበር እንዳለው፣ ርዝመቱ የት እንደሚያርፍ፣ በመርካቶ ከሚገኙት ጨርቆች የትኛው እንደሚቀርበው እጽፋለሁ።

ይህንን ካነበቡ ልብስ ሰፊዎች አንዱ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ደውሎ ያቀረበው ቅሬታ አሠራሬን ከሁሉም በላይ ቀይሮታል። “ሁልጊዜ ፊት ለፊቱን ነው የምታሳዩን፤ ዚፑ የት እንዳለ በምን አውቃለሁ?” አለ። እውነቱን ነው፤ የመድረክ ፎቶግራፍ አንሺዎች በአብዛኛው የሚቆሙት ሞዴሏ በምትመጣበት በኩል ነው። አሁን ቪዲዮውን ወደ ኋላ የምመልሰው ሞዴሏ ከዞረችበት ቅጽበት ነው፤ የጀርባው ምስል ያልተገኘለት ቀሚስ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገጹ ላይ አይወጣም።