ጀማ ወርዳችሁ ከማደራችሁ በፊት

ቅዳሜ ዕለት የሰፈራችን ሦስት ልጆች ብስክሌት መጠገኛዬ መጡ። ብስክሌት አልያዙም፤ መንጠቆ ፈልገው ነው። ከጥምቀት በኋላ ጀማ ወንዝ ወርደው ዓሣ እያጠመዱ ሁለት ሌሊት ሊያድሩ አስበዋል። በጣም ደስ አለኝ። መንጠቆውን ወዲያው ሰጠኋቸው። ናይለን ክሩን ከመስጠቴ በፊት ግን አስቀመጥኳቸውና መሳቢያዬን ከፍቼ አንድ ቁራጭ ክር አሳየኋቸው።

የክሩ ታሪክ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የወረድን ጊዜ አራት ነበርን። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ ገደሉን እየተጠማዘዘ ጀማ ድልድይ ድረስ ይወርዳል። ለሚ ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ታች ሲደርስ በካናቴራ ይቀራል። ከድልድዩ ወንዙን ይዘን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ሲመሻሽ ማሽላ ማሳ ጥግ ላይ ድልድል ያለ ቦታ አገኘንና ድንኳን ተከልን። ማንንም አልጠየቅንም። ሰው ስላላየን ባለቤት የለውም አልን።

ጠዋት የቀሰቀሰን የከብት ድምፅ ነው። ብቅ ስንል አሥራ አምስት የሚሆኑ ላሞችና በሬዎች ድንኳኑን ፈርተው ቆመዋል። ለካ ቦታው ወደ ውሃ መውረጃቸው ነው። ስንት ዓመት ሲረግጡት ነው እንደዚያ የተደለደለው። ከኋላቸው አንድ አባት ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። ይቆጡናል ብለን ስንጠብቅ፣ «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ? ትንኙስ እንዴት አደረጋችሁ?» አሉን። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ከብቶቹ በዚህ ነው የሚወርዱት። እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በሉላቸው» አሉ። ድንኳኑን እንደተተከለ በአራት ማዕዘን ይዘን ገለል አልን።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ማታ መንጠቆ ስንወረውር ክራችን ቁጥቋጦ ላይ ተጠላልፎብን ቆርጠን ትተነዋል። ረፋዱ ላይ አንዲት ጥጃ እያነከሰች ስትወጣ አየናት። ክሩ የኋላ እግሯን፣ ከሰኮናዋ በላይ ያለውን ቀጭኑን ቦታ፣ ሦስቴ ጠምጥሟታል። በተራመደች ቁጥር ይጠብቃል። ክሩ ራሱ አይታይም፤ ጸጉሯ ውስጥ ሰምጧል። የሚታየው ቀይ መስመር ብቻ ነው። አባት እግሯን በጉልበታቸው መሀል ይዘው ምላጭ ጠየቁን። በአንድ እጃቸው ጥፍር ክሩን ከሥጋው ያላቅቃሉ፣ በሌላው ይቆርጣሉ። ጥጃዋ ትንቀጠቀጣለች። ሲጨርሱ ክሩን ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ክንድ ክር ሜዳ ላይ ጥዬ አላውቅም።

ለልጆቹ በመጀመሪያ የነገርኳቸው ይህን ነው። በብርሃን ድረሱ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቅርብ ካለው ቤት ሄዳችሁ ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ «ቤቶች!» በሉ። ከየት እንደመጣችሁ፣ ስንት ሌሊት እንደምታድሩ ተናገሩ። ቀበሌውም ይወቅ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳትጠይቁ ደግሞ ከቤት አትውጡ። አንዴ የተዋወቃችሁት ሰው የት እንደሚታደር፣ የት ውሃ እንደሚቀዳ፣ የት ዓሣ እንዳለ ሁሉ ያሳያችኋል። መታጠብ ስትፈልጉ ከመቅጃው በታች ሂዱ። ሳሙና ይዞ ወንዙ ውስጥ መግባት ግን ከታችም ቢሆን ነውር ነው፤ ሁልጊዜ ከእናንተ በታች የሚቀዳ ሰው አለ። በጀሪካን ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ ታጠቡ።

ማሳ ላይ የተከመረ የማሽላ አገዳ ታያላችሁ። የተጣለ ይመስላል። አይደለም፤ ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ ነው። እሳት ካስፈለጋችሁ ከዚሁ ከሰል ይዛችሁ ውረዱ። ድስት ብትዋሱም መጀመሪያ ዓሣ ልትሠሩበት እንደሆነ ተናገሩ። ዓሣ የማይበላ ቤት አለ፤ ሽታው ድስቱ ላይ እንዲቀር አይፈልግም።

አሸዋው ላይ መተኛት ያምራችኋል። ይመቻል፣ ለስላሳ ነው፣ ውሃውም ቅርብ ነው። አትተኙበት! የኛው የደብረ ብርሃን ወንዝ፣ በሬሳ፣ ቁልቁል ወርዶ የሚገባው ጀማ ነው። እናንተ ታች ኮከብ እየቆጠራችሁ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ደራሽ ጎርፉ ሌሊት ይመጣል። ክረምት ብቻ አይደለም፣ በልግም አለ። ዳር ያሉትን ቁጥቋጦዎች እዩ። ጭራሮና ገለባ ከላይ ተሰክቶ ካያችሁ፣ ውሃው እዚያ ድረስ ደርሶ ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ በላይ እደሩ። አጎበር አትርሱ፣ ቆላው ወባ አለበት።

ስለ ዓሣው ደግሞ። በበጋ ወንዙ ሲሸሽ ዓሣው ኩሬ ኩሬው ውስጥ ይቀራል። ያኔ ማጥመድ ቀላል ነው፤ ሁሉንም ማውጣትም ቀላል ነው። ክረምት ሲገባ የሚባዙት ግን እነዚያው የቀሩት ናቸው። የምትበሉትን ያህል ብቻ ያዙ። ትንሹን እጃችሁን አርጥባችሁ መልሱት። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ የሚበትን ሰው ብታገኙ አብራችሁ አትልቀሙ። ዓሣው ደንዝዞ ሲንሳፈፍ ያስደስታል። ጣት የማታክል ጫጩት ሁሉ አብራ እንደምታልቅ ግን ማንም ልብ አይልም። የአባቶች ዘዴ ነው ይሉኛል። አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልቤ አይቀበለውም።

አምባዛ ከያዛችሁ ወዲያው ግደሉት። ከውሃ ወጥቶም አየር እየሳበ ረጅም ሰዓት ይቆያል። እኛ ጠዋት ማዳበሪያ ውስጥ የከተትነው ወደ ማታ ስንከፍተው አፉን ይከፍት ይዘጋ ነበር። እንዲያ አድርጎ ማሰቃየት ኃጢአት ነው።

አንደኛው ልጅ ውሻውን ይዞ መሄድ እንደሚችል ጠየቀኝ። ጀማ ፍየል የሚያግድ ሕፃን ብዙ ነው፣ መንጋውን ይበትንበታል፤ ተወው አልኩት። ቀይ ቀበሮ ያለበት መንዝ ጓሳ ሲሆንማ ጭራሽ አይታሰብም። የውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ ሲተላለፍ ይፈጃቸዋል።

ክሩን ጥቅል አድርጌ ሰጠኋቸው። ቁርጥራጩን ማስቀመጫ አንድ ባዶ የቡና ቆርቆሮም ጨመርኩ። ከዚያ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቼ አስያዝኳቸው። ከድልድዩ አንድ ሰዓት ያህል ሄዳችሁ፣ ማሳው አጠገብ የከብት መውረጃ ስታገኙ ቀና ብላችሁ ያለውን ቤት ጠይቁ አልኳቸው። እኚያ አባት ካሉ ስኳሩ የእሳቸው ነው። ጥጃዋም እንዴት እንደሆነች ጠይቁልኝ። እስካሁን ወልዳ ይሆናል።