ከማርች እስከ ኦክቶበር፦ የሃይስኩል ሬስለር ማት ላይ በማይጠራባቸው ወራት

የአሜሪካ ሃይስኩል የሬስሊንግ (የትግል ስፖርት) ውድድር ኖቬምበር ላይ ተጀምሮ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም ማርች መጀመሪያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ገደማ አለ። በዚህ ጊዜ ብዙ ልጆች ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ፤ ወይ ጨርሰው ይተዉታል፣ ወይ ያገኙትን ሁሉ እየሠሩ ይደክማሉ። ሁለቱንም ኖቬምበር እዚያው ፌብሩዋሪ ላይ የነበሩበት ቦታ ያገኛቸዋል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ልጁ የተሸነፈባቸውን ግጥሚያዎች ቪዲዮ አይቶ እያንዳንዱን የተነጠቀ ነጥብ ይጻፍ፦ በየትኛው ዙር፣ ከምን ሁኔታ፣ እንዴት። ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ተደጋግሞ ይወጣል። ከታች ሆኖ መነሳት አቅቶታል፤ እግር ይዞ መጣል አቅቶታል፤ ወይም ሦስተኛው ዙር ላይ ክንዱ ዝሏል። ከዝርዝሩ ሁለት ብቻ ይምረጥ። አምስት የመረጠ አንዱንም አያሻሽልም።

ከውድድሩ ማግስት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከማት መራቅ ግድ ነው። ያበጠ ጉልበት፣ የተጠመዘዘ ጣት፣ የሚያም ትከሻ የሚታየው አሁን ነው። ቆዳም ይታይ፤ ጭርት ይዞት ከሆነ መድኃኒቱ እስኪያበቃ ድረስ የክለብ ማት ላይ አይውጣ፣ ፎጣም አይዋስ። በተረፈ ይዋኝ፣ ኳስ ይጫወት፣ ይተኛ። ለዚህ ዕድሜ የሚመከረው እንቅልፍ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው።

ከኤፕሪል ጀምሮ ዋናው ሥራ ጉልበት ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ስፖርት ጀመረ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ሩጫ ነው፤ ለሬስለር ግን በጸደይ ወራት በየቀኑ 8 ኪሎ ሜትር መሮጥ ሊያድግ የሚችለውን ጡንቻ ያስርበዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ብረት ይበቃል። ሰኞ ፍሮንት ስኳት (ብረቱን ከፊት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) 3 ጊዜ 5፣ ማለትም ሦስት ዙር በየዙሩ አምስት ጊዜ፣ ፑል አፕ (አሞሌ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) 4 ዙር (ከአቅሙ ሁለት አስቀርቶ)፣ የአንገት ሥራ። ረቡዕ በትራፕ ባር (መሃሉ ገብተው በሚያነሱት ብረት) ዴድሊፍት፣ ማለትም ክብደት ከመሬት ማንሳት፣ 3 ጊዜ 5፣ በደምብል ደረት መግፋት 3 ጊዜ 8፣ ክብደት ወደ ሰውነት መሳብ 3 ጊዜ 10። ዓርብ በአንድ እግር ስኳት በየእግሩ 3 ጊዜ 8፣ ፎጣ አሞሌው ላይ ጠቅልሎ ፑል አፕ፣ ከዚያ ሁለት ከባድ ደምብል ይዞ 30 ሜትር አራት ጊዜ መራመድ። የፎጣውና የመራመዱ ሥራ ለመዳፍ ነው፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ቀድሞ የሚከዳው መዳፍ ነውና።

የሚጀመረው ሰባት ጊዜ ማንሳት በሚችለው ክብደት አምስቱን ብቻ በማንሳት ነው። በየሳምንቱ 5 ፓውንድ ይጨመር። ሁለት ቀን ተከታትሎ ካቃተው ከመቶ አሥር ይቀንስና እንደገና ይውጣ። ጀርባው ሲጎብጥ ዙሩ አልቋል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባይሞላም። አንገት በራስ እጅ እየተገፋ ወደ አራቱም አቅጣጫ 15 ጊዜ፣ ሁለት ዙር ይሠራ። ለጀማሪ በራስ ቅል ተደግፎ ብሪጅ (ሰውነትን እንደ ድልድይ ማቆም) ማሠራት ግን ከጥቅሙ አደጋው ያይላል።

ማት ላይ በሳምንት ሁለት ቀን። በብዙ ስቴቶች የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ከወቅቱ ውጪ ልጆቹን እንደልቡ ማሠልጠን ስለማይፈቀድለት ቦታው ክለብ ነው፤ ክለቡ ደግሞ በጸደይና በበጋ የሚያሠራው ፍሪስታይልና ግሪኮ ሮማን የሚባሉትን የኦሎምፒክ ትግል ዓይነቶች ነው። ጥሩ ነው፤ የቁም ትግልን ያሳምራል፣ የሚጓጓም ጁላይ ላይ ፋርጎ፣ ኖርዝ ዳኮታ የሚካሄደውን ብሔራዊ ውድድር ያልማል። ግን ወጥመድ አለው። በፍሪስታይል የወደቀ ልጅ ሆዱ ላይ ተለጥፎ ቢቆይ ዳኛው ብዙም ሳይቆይ ያስነሳዋል፤ ከታች ማምለጥም ነጥብ የለውም። ትምህርት ቤት በሚሠራበት ፎልክስታይል ግን ማንም አያስነሳውም። ከታች ማምለጥ 1 ነጥብ፣ ከታች ሆኖ ተገልብጦ ከላይ መያዝ 2 ነጥብ ነው፤ መጣል ደግሞ ከ2024-25 ወዲህ 3 ሆኗል። በጋውን ሙሉ ሆዱ ላይ መተኛት የለመደ ልጅ ዲሴምበር ላይ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተጋልቦ ይውላል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የክለብ ልምምድ በኋላ 15 ደቂቃ ለስታንድ አፕ (ከታች ሆኖ ተነስቶ ለማምለጥ) ይቆረጥ። ፊሽካው ሲነፋ ልጁ ወደ ፊት አይሸሽም፤ በጀርባው ወደ ተጋጣሚው ደረት ይገፋል። በዚያው ቅጽበት ወገቡን ያቀፈውን እጅ አራት ጣቶች ይይዛል። አንድ እግር ይተክላል (የትኛውን የሚለው ላይ አሠልጣኞች አይስማሙም፤ የራሱ አሠልጣኝ የሚያስተምረውን ይያዝ)፤ ቀጥሎ ይቆማል፣ ዳሌውን ያርቃል፣ እጁን ይበጥሳል፣ ዞሮ ፊት ለፊት ይገጥማል። ሁልጊዜ የሚበላሸው ሁለተኛው እርምጃ ነው። እጅ ሳይዝ ከቆመ ተጋጣሚው እጆቹን ወገቡ ላይ ይቆልፋል፤ ማት ላይ ይህ ክልክል ነው፣ ቆመው ሳለ ግን የተፈቀደ ነውና አንስቶ ይመልሰዋል። ሌላው ስሕተት አንገት መድፋት ነው፤ ራስ ወዴት ካዘነበለ ሰውነት ወዲያው ይከተላል። አሥር ፊሽካ ሦስት ዙር፤ አጋሩ መጀመሪያ ላላ ብሎ፣ ከዚያ መካከለኛ፣ መጨረሻ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይያዘው።

እግር ይዞ መጨረስ ላቃተው ደግሞ ልምምዱ እግሩን ከያዘበት ይጀመር። ሲንግል ሌግ (አንድ እግር ይዞ መጣል) ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ግንባር ከተጋጣሚው ጎን ተለይቶ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው።

ትንፋሽ የሚሠራው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። ግጥሚያው ሦስት የሁለት ደቂቃ ዙር ስለሆነ ሥራውም እሱን ይምሰል፦ መጀመሪያ 20 ሰከንድ በሙሉ ኃይል፣ 40 ሰከንድ እረፍት፣ አሥር ጊዜ፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ኦክቶበር ላይ ወደ ሙሉ የሁለት ደቂቃ ዙሮች ይሸጋገር። የአሜሪካን ፉትቦል ወይም ክሮስ ካንትሪ (አገር አቋራጭ ሩጫ) ያለበት ልጅ ይህን ይዝለለው፤ ብረቱን ግን በሳምንት ሁለት ቀን ይያዝ።

አሁን ወደ ክብደት። በእነዚህ ወራት የሚቀነስ ክብደት የለም፤ ልጁ እያደገ ነው። በ1997 ሦስት የኮሌጅ ሬስለሮች በላስቲክ ልብስና በሙቀት ክብደት ለመቀነስ ሲሞክሩ ሕይወታቸው አለፈ። የዛሬዎቹ ደንቦች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በሃይስኩል ከውድድሩ ወቅት በፊት ሽንት ይመረመራል (የሽንቱ ክብደት ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ከ1.025 መብለጥ የለበትም)፣ የሰውነት ስብ ይለካል፤ ለወንድ ከ7 በመቶ፣ ለሴት ከ12 በመቶ በታች እንዲወርዱ አይፈቀድም። በሳምንት የሚቀነሰውም ከሰውነት ክብደት 1.5 በመቶ አይበልጥም፤ ለ150 ፓውንድ ልጅ ሁለት ፓውንድ ከሩብ ማለት ነው። በኦገስት ሳውና የገባ ልጅ ያጣው ውሃ ነው፤ ማታ ጠጥቶ ይመልሰዋል።

ለጿሚ ቤተሰብ የሚከብደው ፕሮቲን ነው። ዐቢይ ጾም የብረት ሥራ በሚጀመርበት ሰሞን ይውላል፤ ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21። 150 ፓውንድ የሚመዝን ልጅ በቀን 110 ግራም ገደማ ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም አለው፤ ሁለት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ 7 ግራም። ሽሮ በሰሐኑ ወፍራም ይሁን፣ ቶፉ በሥጋው ፈንታ ጥብስ ይሠራ። አትክልትና እንጀራ ብቻ የበላ ልጅ ጠግቧል እንጂ አልተመገበም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ ብረቱ ከምግብ በኋላ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ይሁን፤ ባዶ ሆድና ደረቅ ጉሮሮ ይዞ ከባድ ዴድሊፍት አይነሳም። ዕድሜው ከደረሰና ጾሙ ከከበደው ለንስሐ አባት መንገር ያለ ነገር ነው፤ እናት ብቻዋን የምትወስነው አይደለም።

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የመጋቢቱ ወረቀት ይውጣና ልጁ ከማያውቀው አጋር ጋር ከታች ሆኖ አሥር ጊዜ ይጀምር፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንቱን እንዳመለጠ ይቆጠር። ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ድክመት ይምረጥ። ከአራት በታች ከሆነ ስታንድ አፑ ኖቬምበርም ላይ ይቀጥላል።