ሜቶሎንግ፦ ለአገሩ የቀረ ውሃ

ሌሶቶ የሄደ መንገደኛ ሁሉ ካትሴን እንዲያይ ይመከራል። 185 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ነው፤ ውሃው በተራራ ውስጥ በተቦረቦረ ዋሻ አልፎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል። እኔ ግን ታናሹን ግድብ፣ ሜቶሎንግን ለማየት ከዋና ከተማዋ ከማሴሩ ወደ ምሥራቅ ወጣሁ።

መንገዱ ታባ ቦሲዩ አጠገብ ያልፋል፤ ንጉሥ ሞሽዌሽዌ ቀዳማዊ በ1824 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን ይዞ የመሸገበት ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። የወሎን አምባዎች ለሚያውቅ ሰው አገሩ ባዳ አይመስለውም። ከዚያ ወዲያ የፑቲያትሳና ወንዝ ሸለቆ እየጠለቀ፣ የበቆሎ ማሳውም እየሳሳ ይሄዳል።

ግድቡ 83 ሜትር ነው። ደረቅ ኮንክሪት በስሱ እየተነጠፈ በሮለር የተጠቀጠቀበት ነው፤ የሕዳሴው ግድብ ዋና አካልም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ውሃው የሚሄድበት ቦታ ነው። ሌሶቶ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎረቤቷ ውሃ ስትሸጥ፣ የማሴሩ ነዋሪ ግን ደለል የበዛበትን የሞሆካሬን ወንዝ ጠባቂ ነበር። በደረቁ ወራት ወንዙ ሲጎድል ቧንቧውም ይነጥፍ ነበር። ሜቶሎንግ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ማሴሩ፣ ሮማ፣ ማዜኖድ፣ ሞሪጃና ቴያቴያኔንግ የተባሉት ከተሞች የራሳቸው ውሃ አገኙ። ለእኔ ከካትሴ ይልቅ የሚያኮራው ይህ ነው፤ ሰው አስቀድሞ ከገዛ ወንዙ መጠጣት አለበት።

ዋጋ አልተከፈለም ማለት ግን አይደለም። በሸለቆው ውስጥ ሳን የተባሉት የጥንት አዳኞች ሥዕል የሣሉባቸው የዐለት መጠለያዎች ነበሩ። ውሃው ከመሙላቱ በፊት አርኪዮሎጂስቶች ሃ ማኮቶኮ የተባለውንና ሌሎቹን መጠለያዎች ቆፈሩ፣ ሥዕሎቹን መዘገቡ፣ የአካባቢውን ወጣቶችም ሙያውን አስተማሩ። ከሐይቁ ዳር ቆሜ ቁልቁል ሳይ ያዘንኩት በዚህ ነው፤ መዝገብ ዐለቱን አይተካም። ቢሆንም ቀድመው መድረሳቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ስንት ሸለቆ ማንም ሳያየው ሰጥሟል!

ስመለስ ሮማ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ሻይ ጠጣሁ። ሻይ የምታፈላውን ሴት ውሃው የሜቶሎንግ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አዎ ንታቴ፣ እዚህ ደርሷል» አለችኝ፤ ንታቴ በአገሩ ቋንቋ «አባት» ማለት ነው። «እናቴ ያለችበት መንደር ግን ከኮረብታው ባሻገር ነው። እሷ ዛሬም የምትቀዳው ከምንጭ ነው፤ ቧንቧው ወደዚያ እንዲወጣ እየጠየቅን ነው።»