«አባቷ ሳዑዲ ይሁን» ሲሉኝ እሺ ማለቴ

ደሴ ላይ ሆኜ የልጆች ልብ ወለድ ጽፌ አሳትሜያለሁ። አባቷ ስለታሰረባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ የሚያስቅ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ልትጽፉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

መጻፉ አምስት ወር ፈጀ። ሥዕሉን የድሮ ተማሪዬ ሠራው። አይኤስቢኤኑን (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ከወመዘክር አወጣሁ። እዚህ ድረስ ችግር የለም።

ታሪኩ የተነሳው ከአንድ ቃል ነው። የሙና አባት የታሰረው በደረቅ ቼክ ነው። እንዲህ ያለውን፣ ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለውን ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ነጋዴ ቤት ያደገ ልጅ ደግሞ ቃሉን ሳይሰማ አያድግም። ሙና ችግሩ መድረቁ ነው ብላ አመነች። ስለዚህ ከአባቷ መሳቢያ የቀረውን ጥራዝ አውጥታ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ዘፈዘፈችው። ውሃ እያንጠባጠበ በፌስታል ይዛው ማረሚያ ቤቱ በር ደረሰችና «ይኸው ረጥቧል፣ አባዬን ፍቱልኝ» አለች። አያቷ ምሳ ዕቃውን እንደያዙ ከኋላዋ ደርቀው ቀሩ። ይህን ስጽፍ ብቻዬን ስቄ ብቻዬን አለቀስኩ።

መጽሐፉ ትምህርት ቤቶች እንዲገባ ስለፈለግሁ ረቂቁን ወደ አንድ ቢሮ ወሰድኩት። ሦስት ሳምንት «ነገ ይመለሱ» ተባልኩ። በመጨረሻ ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አደረገና «መምህር፣ እስር ቤት ለልጅ አይሆንም። አባቷ ሳዑዲ ሄዷል ቢሉትስ?» አለኝ። አንዲት ምዕራፍ እንኳ አላነበበም። እስካሁን ያናድደኛል። ከሱ በላይ ግን የምናደደው በራሴ ነው። እሺ አልኩ።

ደረቅ ቼኩ ወጣ። ሳፋው ወጣ። የማረሚያ ቤቱ በር ወጣ። ሙና ስልክ የምትጠብቅ ልጅ ሆነች። በወሎ ስንቱ ቤት ዓረብ አገር የሄደ ሰው አለው፤ ለልጅ የሚዋሽ አዋቂም ሳዑዲን የሚጠራው ለዚህ ነው። እኔም ያንኑ ውሸት በመጽሐፍ አሳተምኩት፤ 500 ቅጂ። አያቷ እሁድ ጠዋት ስንቅ የሚቋጥሩበትን ገጽ ግን ሳላየው አለፈኝ።

አራተኛ ክፍል ገብቼ አነበብኩላቸው። ማንም አልሳቀም። ሲወጡ አንዲት ልጅ ወደኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ ሳዑዲ ከሆነ ስንቁን በምን ያደርሱለታል?»

መልስ አጣሁ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «እኛም እሁድ እሁድ እንወስዳለን። ጠባቂው ወጡን ቅመሱ ሲል ሁሌ የምቀምሰው እኔ ነኝ።» ይህን ስትል ኩራት ነበረባት። የሙናን ሳፋና የራሰውን ቼክ ነገርኳት። ዴስኩን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወጣ።

ስለዚህ ቢሮው ያለኝን ተገላቢጦሽ ነው የምመክረው። እስር ቤቱን አትደብቁት። የታሰረ ሰው ቤተሰቡ እንዲጎበኘው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ፈቅዷል፤ ልጆቹም በዚያ ሰልፍ ላይ ቆመዋል፣ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ከመጻፋችሁ በፊት አንድ እሁድ ሄዳችሁ ሰልፉ ላይ ቁሙ። ሳቁ ግን በታሳሪውም በልጁም ላይ እንዳያርፍ። እኛ አዋቂዎች በምንናገረው ላይ ይረፍ። ሙና አንዴ «ማረሚያ ቤት ነው ያለው» ስትባል ደብተሯን አስታውሳ «ታርሞ ስንት ከስንት አመጣ?» ብላ ነበር። እሱንም ቆርጬው ነበር።

አሁን የመጀመሪያው ረቂቅ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ የቢሮውን ማህተም አልጠየቅሁም። ልጅቷንና እናቷን አስፈቅጄ አንድ ገጽ ጨምሬያለሁ። በሩ ላይ ጠባቂው ቅመሱ ሲል፣ አያቷ ማንኪያውን ከማንሳታቸው በፊት ሙና ቀድማ ትቀምሳለች።